የአሠልጣኙ ፍርድና የተመልካቹ ፍርድ

ሰው የሌላውን ሰው ሥራ ለመመርመር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ምን አስቦ አደረገው?» ብሎ ሳይሆን «መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ ነው። መጨረሻው ያማረ እንደ ሆነ አድራጊውን ብልኅ ይለዋል፤ የከፋ እንደ ሆነ ደግሞ ያንኑ ሰው ሞኝ ይለዋል። በገበሬዎች ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። አንድ ገበሬ በወቅቱ አርሶ፣ በወቅቱ ዘርቶ፣ አረሙንም ነቅሎ ሲያበቃ በረዶ ወርዶ አዝመራውን ቢያጠፋበት፣ ጎረቤቱ «ሰነፍ ነህ» አይለውም፤ ድካሙን በዓይኑ አይቷልና። እንዲሁም ሳያርም ሳይኮተኩት ዝናም ብቻ ረድቶት እህል ያፈሰውን ሰው ጎበዝ ብሎ አያመሰግነውም። እኛ ፊደል የቆጠርነው ሰዎች ግን፣ በተለይ ኳስ ልናይ በተቀመጥን ጊዜ፣ ይህን የገበሬ ማስተዋል እናጣዋለን።

ስለ ኳስ መጻፍ ለሸመገለ መምህር አይገባም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የዛሬ ወጣቶች ስለ ሹመትና ስለ ሽረት፣ ስለ ውለታና ስለ ፍርድ አጥብቀው ሲከራከሩ የምሰማቸው ኳስ በሚታይበት ቤት ደጃፍ ነው። ክርክሩ ካልቀረ ደግሞ በማስረጃ ቢሆን ይሻላል። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ፊት የተደረገውንና ብዙ ሰው የተጣላበትን አንድ ውሳኔ አንሥቼ ልመረምር አስቤአለሁ። ይኸውም የፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ፌርናንዶ ሳንቶስ፣ በ2015 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022) በኳታር በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ አምበላቸውን ክርስቲያኖ ሮናልዶን በተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጣቸው ነው።

አስቀድሞ ሰዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ሳንቶስ በትምህርታቸው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናቸው። የአገራቸውን ቡድን የተረከቡት በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ ፖርቱጋል እስከዚያ ዘመን ድረስ በዋናው ብሔራዊ ቡድኗ አንድም ታላቅ ዋንጫ አግኝታ አታውቅም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ 3 ቀን ግን በፓሪስ አጠገብ በሳን ደኒ ፈረንሳይን በገዛ አገሯ 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓን ዋንጫ አነሡ። በዚያ ጨዋታ ሮናልዶ ጉልበቱን ተጎድቶ በ25ኛው ደቂቃ እያለቀሰ ወጣ። ግቡን በ109ኛው ደቂቃ ያገባው ኤደር የሚባል፣ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ የገባ ተጫዋች ነው። ሮናልዶም ጉልበቱን አስሮ ከአሠልጣኙ ጎን ቆሞ እየጮኸ፣ እየተንጠራራ ጓደኞቹን ሲያበረታታ ሁሉም አይቶታል። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሮናልዶን ለእናንተ ማስተዋወቅ ለአባት ልጁን ማስተዋወቅ ይሆንብኛል። ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው፤ ወደ ኳታር በሄደ ጊዜ ዕድሜው 37 ነበር። ኅዳር 15 ቀን በጋና ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ባገባት ግብ በአምስት የዓለም ዋንጫዎች ግብ ያስቆጠረ የመጀመሪያው ወንድ ተጫዋች ሆነ፤ ለአገሩ ያገባቸውም ግቦች 118 ደረሱ። ነገር ግን ያ ዓመት ለእርሱ የመከራ ዓመት ነበር። በሚያዝያ ወር ሲወለድ ሕፃን ልጁ ሞቶበታል። በክለቡ በማንችስተር ዩናይትድ አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ሆኖ ከረመ። ጥቅምት 9 ቀን ከቶተንሃም ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይረህ ግባ ቢባል እምቢ ብሎ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ተነሥቶ ሄደ፤ አሠልጣኙም ለሚቀጥለው ጨዋታ ከቡድኑ አስወጡት። ኅዳር 13 ቀን፣ የጋናው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከክለቡ ጋር የነበረው ውል ፈረሰ። እንግዲህ ወደ ዓለም ዋንጫው የገባው ክለብ የሌለው፣ በጨዋታም ያልጠነከረ ሰው ሆኖ ነው።

ኅዳር 23 ቀን ፖርቱጋል በደቡብ ኮርያ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ምድቡን ማለፏ አስቀድሞ የተረጋገጠ ስለ ነበር ሽንፈቱ ብዙ አልጎዳትም። ጉዳት የሆነው ሌላ ነው። ሳንቶስ ሮናልዶን በ65ኛው ደቂቃ ሲቀይሩት እያጉረመረመ ወጣ። እርሱ «የተናገርሁት ቶሎ ውጣ ላለኝ ለኮርያው ተጫዋች ነው» አለ፤ አሠልጣኙም በዚያው ማታ ይህንኑ ተናገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ሥዕሉን ካዩ ወዲያ ነገሩን ፈጽሞ እንዳልወደዱት ለጋዜጠኞች ገለጹ፤ ቢሆንም በቤታችን ውስጥ ተነጋግረን ጨርሰነዋል አሉ። በማግስቱ፣ ኅዳር 27 ቀን፣ ከስዊስ ጋር ለሚደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የተሰላፊዎች ስም ሲነበብ ሮናልዶ አልነበረበትም። በስፍራው የገባው የ21 ዓመቱ ጎንሳሎ ራሞስ ነው። ይህ ልጅ ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ገና ኅዳር 8 ቀን ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ሲሰለፍ ግን የዚያ ዕለቱ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ራሞስ ሦስት ግብ አገባ፤ ፖርቱጋል 6 ለ 1 አሸነፈች። በማግስቱ ሳንቶስ ደፋር፣ አስተዋይ፣ ታላቁን ሰው ያልፈሩ አለቃ ተባሉ። አራት ቀን ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን፣ ያው ቡድን በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሮናልዶም እንደ በፊቱ በወንበር ላይ ነበር የጀመረው። ያን ጊዜ ደግሞ ሳንቶስ ግትር፣ ቂመኛ፣ የአገሩን ጀግና ያዋረደ ሽማግሌ ተባሉ። ውሳኔው አንድ ነው፤ የወሰኑትም ሰው አንድ ናቸው። በአራት ቀን ውስጥ የተለወጠው የተመልካቹ አፍ ብቻ ነው።

እስቲ ሁለቱንም ፍርድ በየተራ እንያቸው። የ6 ለ 1 ድል ውሳኔው ትክክል እንደ ነበረ ያስረዳልን? አያስረዳም። ስዊሶች በዚያ ማታ እጅግ ደክመው ተጫውተዋል፤ ሮናልዶ ቢኖርም ያሸንፉ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? የሞሮኮስ ሽንፈት ውሳኔው ስሕተት እንደ ነበረ ያስረዳልን? ይኸማ ይልቁን አያስረዳም። ሮናልዶ ሲቀየር ገብቷል፤ የገባውም በ51ኛው ደቂቃ ነው። ስለዚህ ወደ 40 ደቂቃ ያህልና በመጨረሻ የተጨመሩትን ደቂቃዎች ተጫውቷል፤ በዚያችም በጭማሪዋ ሰዓት ሞሮኮዎች አንድ ሰው በቀይ ካርድ ወጥቶባቸው ዐሥር ሆነው ነበር የሚከላከሉት። ለታላቅ አጥቂ ይህ ጊዜ አነሰው ለማለት ያስቸግራል። አንድ ጊዜ መትቶ በረኛው ያሲን ቡኑ አዳነበት፤ ከዚያ በቀር ብዙ አልተሳካለትም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። «ፖርቱጋል የተሸነፈችው ሮናልዶ ስላልተሰለፈ ነው» የሚለው ሰው ሳያስበው ሌላ ሰው ይሰርቃል። ሞሮኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ከካናዳ ጋር ሲጫወቱ የገዛ ተጫዋቻቸው በስሕተት በራሱ በር ላይ ካስገባት ግብ በቀር አንድም አልገባባቸውም። ቤልጅክን 2 ለ 0 አሸንፈዋል፤ እስፓኝን በፍጹም ቅጣት ምት አስወጥተዋል። አሠልጣኛቸው ዋሊድ ረግራጊ ቡድኑን ከተረከቡ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። በ42ኛው ደቂቃ ዩሱፍ ኤን ነስሪ እንዴት ከበረኛው እጅ በላይ ዘሎ በራሱ እንደ መታት ያየ ሰው ምን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል? በዚያች ግብ ካፍሪቃ ቡድኖች መካከል ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ቡድን ተገኘ። እኛም አፍሪቃውያን በዚያ ቀን ስንደሰት ውለን፣ ማታ ስንከራከር ግን ድሉን ከሞሮኮ ነጥቀን ለአንድ ሽማግሌ ስሕተት ሰጠነው። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ውጤትን ካስቀረን ዘንድ ውሳኔውን በምን እንመዝነዋለን? ከተቃዋሚዎቹ ክርክር ከበድ ያለው የውለታ ክርክር ነው። «ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ላገሩ የደከመ ሰው፣ በመጨረሻው ዘመኑ በወንበር ላይ ይቀመጥን?» ይላሉ። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። ውለታ የማያውቅ ሕዝብ ክፉ ሕዝብ ነው። ነገር ግን የውለታ ዋጋ የሚከፈልበት ልዩ ልዩ መንገድ አለ። ክብር አለ፤ ምስጋና አለ፤ ለልጅ ልጅ የሚነገር ስም አለ። ስፍራ ግን ለትናንት ሥራ የሚሰጥ ደመወዝ አይደለም፤ ለዛሬ ሥራ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። አንድ ሐኪም ባለፈው ዓመት ሺህ ሰው ያዳነ ቢሆን እንኳ ዛሬ እጁ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ ቢላዋውን ለሌላው ሊሰጥ ይገባዋል፤ በአልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ያለፈውን ዓመት ሺህ ሰው አያውቃቸውምና።

ደግሞም ውለታን ስናነሣ የምናየው የታወቀውን ሰው ብቻ ነው። ቡድኑ 26 ሰዎች ነበሩት። ራሞስም የእናት ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በዝናምና በፀሐይ የሠለጠነ ነው። በዚያ ቀን ከሮናልዶ ይልቅ የሚጠቅም እርሱ ከሆነና ስሙ ስላልገነነ ብቻ ቢቀር፣ የተበደለ መሆኑን ማን ያውቅለት ነበር? ጋዜጣ አይጽፍለትም፤ ተመልካቹም አይጮህለትም። ታዋቂው ሲቀር የሚጮህ ብዙ ነው፤ ያልታወቀው ሲቀር ዝም ነው። አለቃ የተሾመው በተለይ ለዚህ ዝም ለተባለለት ሰው ጭምር እንዲፈርድ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ «ስላረጀ ጣሉት» ይላሉ። ይህ ሐሰት መሆኑን ለማወቅ የዚያኑ ቀን የሰልፍ ዝርዝር ማየት ይበቃል። ሳንቶስ በዚያ ቀን የአምበልነቱን ክንድ ማሰሪያ የሰጡት ለፔፔ ነው፤ ፔፔም ያን ጊዜ 39 ዓመቱ ነበር፤ ይባስ ብሎ በ33ኛው ደቂቃ በራሱ መትቶ ሁለተኛውን ግብ አገባ። ሁለት ዓመት የሚበልጠውን ሰው አሰልፈው ታናሹን ያስቀመጡ ሰው ዕድሜ ይቈጥራሉ ሊባሉ አይችሉም።

እስካሁን ለአሠልጣኙ የተከራከርሁ እመስላለሁ። በውሳኔው ነገር እውነት ነው፤ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ባወሳሰናቸው ግን ነቀፌታ አለኝ፤ ነቀፌታውም ቀላል አይደለም።

ሮናልዶ ጨዋታው እንደ ደከመ በጥቅምት ወር ያልታየው ሰው አልነበረም። የክረምቱን ልምምድ ከክለቡ ጋር በደንብ አልሠራም፤ በክለቡም ብዙ አልተሰለፈም። ሳንቶስ ይህን እያወቁ በጋና፣ በኡሩጓይና በኮርያ ጨዋታዎች ሁሉ ከመጀመሪያው አሰለፉት። ያስቀመጡት መቼ ነው? ካጉረመረመ በኋላ ነው። እርሳቸው ምክንያቱ የጨዋታ ዘዴ ብቻ እንደ ሆነ፣ ከኮርያው ነገርም ጋር እንደማይገናኝ ተናግረዋል። እኔ አምናቸዋለሁ። ነገር ግን ስንቱ ሰው ሊያምናቸው ይችላል? ሰኞ «ፈጽሞ አልወደድሁትም» ያለ አለቃ ማክሰኞ ሠራተኛውን ከስፍራው ቢያነሣ፣ ቅጣት አይደለም ብሎ ቢምል እንኳ ቅጣት ይመስላል። በጊዜው ሊደረግ የሚገባው ትክክለኛ ነገር ዘግይቶ የተደረገ እንደ ሆነ ቂም ይመስላል። ይህም በሁለት በኩል ይጎዳል። ቅጣት ቢሆን ኖሮ ለቅጣት ልክና ፍጻሜ አለው፤ ተቀጪውም መቼ እንደሚያበቃ ያውቃል። ዘዴ ቢሆን ደግሞ ተቀማጩ ሰው አንገቱን ሳይደፋ ይቀመጣል። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ሰውየው የተቀጣም ያልተቀጣም ሳይሆን ይቀራል።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ስለ ሰዓቱ ነው። ሳንቶስ ራሳቸው እንዳስረዱት፣ ለሮናልዶ የነገሩት በዚያው በጨዋታው ዕለት ከምሳ በኋላ ጠርተውት ነው። የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመዝሙር መምህር ትዝ ይሉኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ብቻውን የሚዘምረውን ልጅ እርሳቸው ይመርጡ ነበር። ከልጆቹ መካከል ድምፁ የታወቀ አንዱ፣ ጎልምሶ ድምፁ መሰባበር በጀመረ ጊዜ፣ በዓሉ ገና ወር ሲቀረው ለብቻው ጠርተው ነገሩት፤ ምክንያቱንም አስረዱት፤ ታናሹን ልጅ እንዲያለማምድም እርሱኑ አዘዙት። ልጁ ጥቂት ቀን አኵርፎ ነበር፤ በበዓሉ ቀን ግን ታናሹ እንዳይሳሳት ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቀው እርሱ ሆነ። ለ37 ዓመት ሰው፣ ያውም ለአምበል፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሊሰጠው ይገባ ነበር። ሰው ኵራቱን የሚውጥበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ከምሳ እስከ ማታ ያለው ሰዓት ግን ለዚህ አይበቃም።

አሁን ወደ ሮናልዶ እንምጣ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሮናልዶ ደስ እንዳላለው፣ «ይህ በውነት መልካም አሳብ ይመስልዎታል?» ብሎ እንደ ጠየቃቸው አሠልጣኙ ተናግረዋል። ይህ ጥያቄ ምንም ነውር የለበትም። እንዲያውም ታዛዥ ሰው በአለቃው ፊት፣ ለብቻው ሆኖ፣ በጨዋ ቃል የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ካገር ቡድን ጥሎ ለመሄድ ዛተ የሚል ወሬ ተነዛ፤ የአገሩ ፌዴሬሽንም አሠልጣኙም ሐሰት ነው አሉ። በጥቅምት ወር ግባ ሲባል እምቢ ያለው ሰው፣ በኅዳር ወር ግን ተነሥቶ ለጓደኞቹ ግብ ተደሰተ፤ በ74ኛው ደቂቃ ግባ ሲሉት ገባ። ሊመሰገን ይገባዋል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ጓደኞቹ ከሕዝቡ ጋር ሲጨፍሩ እርሱ ቀድሞ ብቻውን ወደ ውስጥ መግባቱን ግን አልወደድሁለትም። በሳን ደኒ በአንድ እግሩ እየዘለለ ለኤደር ግብ የጮኸ ሰው፣ ለራሞስ ግቦች ጥቂት ደቂቃ መቆም እንዴት አቃተው? ልዩነቱ ይታየኛል፤ ያን ጊዜ ያስወጣው ጉዳት ነበር፤ አሁን ያስቀመጠው ሰው ነው። ጉዳትን ማንም ይቀበለዋል። የሰውን ፍርድ መቀበል ግን ሌላ ነው።

ስለ ሥዕል አንሺዎቹም አንድ ቃል ልበል። በዚያ ማታ ሜዳው ላይ ስድስት ግብ ሲገባ፣ መሣሪያቸውን በወንበሩ ላይ ደግነው የአንድ ሰው ፊት ሲጠብቁ ነበር። ሰው ባዘነ ጊዜ ፊቱን የሚሸሽግበት ጥግ ሊያጣ አይገባም። ከሞሮኮው ጨዋታ በኋላ እያለቀሰ ወደ ውስጥ ሲሄድም እስከ በሩ ድረስ ተከትለውታል። እናንተም ያንን ሥዕል እየተቀባበላችሁ የሳቃችሁ ካላችሁ፣ የሳቃችሁት በአሸናፊና በተሸናፊ ጉዳይ ሳይሆን በአንድ ሰው እንባ ነው።

ሳንቶስ ከሽንፈቱ በኋላ ስለ ውሳኔአቸው አልጸጸትም አሉ። ታኅሣሥ 6 ቀን ከሥራቸው ተሰናበቱ። ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ያን ሰሞን የአውሮፓን ዋንጫ ያመጡት ሰው እርሳቸው መሆናቸውን ያስታወሰ ጥቂት ነው። ለሮናልዶ ውለታ ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች የሳንቶስን ውለታ በአራት ቀን ውስጥ መርሳታቸው ምን ዐይነት የውለታ ፍቅር እንደ ሆነ እነርሱ ይንገሩን። ከዓመታት በኋላ ሳንቶስ በተናገሩት ቃል፣ ከኳታር ከተመለሱ ወዲህ ከሮናልዶ ጋር ተነጋግረው አያውቁም።

በእርሳቸው ስፍራ የተተኩት ሮቤርቶ ማርቲኔዝ አምበልነቱን ለሮናልዶ አጸኑለት። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን ፖርቱጋል በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ለአውሮፓ ኔሽንስ ሊግ ዋንጫ ከእስፓኝ ጋር ስትጫወት፣ በ40 ዓመቱ ሁለት እኩል የምታደርገውን ግብ አገባ። በ88ኛው ደቂቃ ግን እግሩ ስላመመው ራሱ መውጣት አስፈለገው። በስፍራው የገባው ጎንሳሎ ራሞስ ነው። ነገሩ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት በደረሰ ጊዜ የፖርቱጋልን የመጀመሪያ ምት መትቶ ያገባው ያው ራሞስ ሲሆን፣ ሮናልዶ በሜዳው ዳር ከተጠባባቂዎቹ ጋር ሆኖ ማየት አቅቶት ፊቱን ይሸፍን ነበር። ፖርቱጋል 5 ለ 3 አሸነፈች፤ እርሱም በጉልበቱ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ጓደኞቹም ወደ እርሱ ሮጡ።